መጀመሪያ ጥገና ወይስ አዲስ መንገድ? የደብረ ብርሃን ሰዎች ክርክር

ጥያቄው፦ ደብረ ብርሃን የመንገድ ገንዘቧን ነባሩን ትጠግንበት ወይስ አዲስ ትክፈትበት?

የጠባሴ ነዋሪ፦ ጥገና ይቅደም ባይ ነኝ። እኛ ሰፈር አስፋልቱን የበላው መኪና ሳይሆን ውሃ ነው። ዲቹ፣ የመንገድ ዳሩ ቦይ፣ በሃይላንድና በደለል ታፍኗል። ሐምሌ ላይ ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ጠርዙ ይሸረሸራል፣ ከዚያ መሃሉ ይቦረቦራል። ግንቦት ላይ ቦዩ ቢጠረግ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዳር ሰፈር፦ ወንድሜ፣ አንተ የሚጠገን መንገድ አለህ። እኛ ጋ ክረምት ከገባ ባጃጅ እሺ ብሎ አይመጣም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን ነው ዋናው መንገድ የምናደርሰው። እስከ መቼ ተራ እንጠብቅ?

ባጃጅ ነጂ፦ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው እኮ ለጥገና ነው። ነዳጅ ስንቀዳ ለእሱ እንከፍላለን። የጥገናው ብር ለጥገና ይዋል፤ አዲስ መንገድ የራሱ በጀት ይያዝለት።

ሲቪል መሐንዲስ፦ የዳር ሰፈሩ ወንድማችን ብሶት እውነት ነው። ግን አስፋልት ብቻ አትጠይቁ። አፈራችን መረሬ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ተቆርጦ ወጥቶ በጥሩ አፈር ካልተተካ የላዩን ይዞት ይነሳል። ጭነቱም አለ። የአንድ አክስል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የደሴው መስመር ከባድ መኪና የሚያልፍበት ጠንካራ አስፋልት ያስፈልገዋል። ለውስጥ ለውስጡ ቦይ ያለው ኮብልስቶን ይበቃል። ቧንቧ ሲቀበር ድንጋዩ ይነሳል፣ ተመልሶ ይነጠፋል።

የጠባሴ ነዋሪ፦ ማን መልሶ ያነጥፈዋል? በእኛ ቅያስ ለውሃ መስመር ተነቅሎ አጥር ጥግ እንደተከመረ ሣር በቅሎበታል። ቆፋሪው የማስመለሻውን ገንዘብ አስቀድሞ ካላስያዘ ፈቃድ አይሰጠው። ደግሞ ቧንቧውም ቴሌውም መብራቱም መንገዱ ሳይነጠፍ ይግባ።

ከዳር ሰፈር፦ በዚህ እስማማለሁ። ኮብልስቶኑንም እንቀበላለን፣ ቦዩንም ራሳችን እንጠርጋለን። ግን የየሰፈሩ ተራ በጽሑፍ ወጥቶ ቀበሌ ይለጠፍ። ያኔ ስለ ጥገናው ከእናንተ ጋር አብረን እንጮኻለን።