«አንዲት ቃል ናት የረሳሁት»

የጮቄ ልጅ፦ ትናንት ማርቆስ ጉዳይ ላስጨርስ ሄጄ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሩ ላይ «በመብራት መቆራረጥ ምክንያት ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶ! ማታ እዚህ ግሩፕ ስገባ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ «አንዲት ቃል ናት የረሳሁት» ብሎ ጽፏል። ስንቱ ገበሬ ነው በአንዲት ቃል የተመለሰው?

ስዊች ነኝ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። ለካሜራዎቹ አዲስ ቪላን 30፣ ማለትም በዚያው ስዊች ላይ ለብቻው የተከለለ ኔትወርክ፣ ከፈትኩ። ሁለቱን ሕንጻ በሚያገናኘው ትራንክ፣ ብዙ ቪላን በአንድ ኬብል በሚያልፍበት መስመር፣ ላይ «አላውድ ቪላን 30» (30 ይለፍ) ስል «አድ» (ጨምር) የምትለዋን ዘለልኳት። ሲስኮ ስዊች «አድ» ካላልከው የድሮውን ዝርዝር ጠርጎ 30ን ብቻ ያስቀራል። ቪላን 10 ላይ ያሉት ሠራተኞች ከሰርቨሩ ተቆረጡ። ፖርቱ አረንጓዴ ያበራል፣ ካሜራው ይሠራል። እኔ ደግሞ ኬብል ስቀያይር ቆየሁ።

ዋሸራ፦ «አንዲት ቃል ናት»! የጎጃም ሰው ሆነህ? እስቲ መሪጌታ ፊት ቅኔ ስትዘርፍ አንዲት ቃል ጣልና «አንዲት ናት» በላቸው።

ቡሬ 12፦ ልጁን አታብጠልጥሉት። ሁዋዌ ስዊች ላይ «ፖርት ትራንክ አላው ፓስ ቪላን 30» ብትል ይጨምርልሃል እንጂ የነበረውን አይነካም። እዚያ የለመደ እጅ ሲስኮ ላይ ቢስት ምን ይገርማል? ጥፋቱ ሁለቱን አደባልቆ የገዛው ሰው ነው።

የጮቄ ልጅ፦ እኔን ፀሐይ ላይ ያቆመኝ ስዊች የገዛው ሰው አይደለም።

ጣና ዳር፦ እኔ አላመንኩም። ይሄ የኔቲቭ ቪላን፣ ትራንኩ ላይ ያለ ቁጥር መለያ የሚያልፈው ቪላን፣ ችግር ነው። አንዱ ጫፍ 1፣ ሌላው 99 ሆኖ ይሆናል።

ስዊች ነኝ፦ ኔቲቭ ቢለያይ ሲዲፒ፣ የሲስኮ ስዊቾች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት፣ ሎጉን (የስዊቹን መዝገብ) በማስጠንቀቂያ ይሞላው ነበር። ሎጉ ንጹሕ ነው። «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ስል የተፈቀደው ላይ 30 ብቻውን ቁጭ ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ላሳይህ?

ጣና ዳር፦ ቢሆንም ኔቲቩን ከ1 ማውጣት ነበረባችሁ።

ዋሸራ፦ ማን ጠየቀህ?

እትዬ ሰርቨር፦ እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ልጄ፣ በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ትራንክ ይነካል? ሲሆን ማታ። ካልሆነም መጀመሪያ «ሪሎድ ኢን 10» ብለህ ትጀምራለህ። ከሳትክ፣ ሴቭ እስካላደረግክ ድረስ፣ በ10 ደቂቃ ራሱ ጠፍቶ ሲነሣ የድሮውን ይዞ ይመጣል። ከተሳካልህ ትሰርዘዋለህ።

ስዊች ነኝ፦ እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን አለቃ «ካሜራው ዛሬ ካልታየ» ብሎ አናቴ ላይ ቆሞ ነበር። የማኔጅመንቱም ቪላን አብሮ ተጠርጎ ከርቀት መግባት አልቻልኩም። ስዊቹ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን የኮንሶል ኬብል ይዤ በባጃጅ ነው የደረስኩት።

ዋሸራ፦ አንዲት ቃል ባጃጅ አስያዘችህ።

ቡሬ 12፦ ቆይ ቆይ። እትዬ ያሉት ልክ ከሆነ እኮ መብራቱ የምር ቢጠፋ ኖሮ ስዊቹ በድሮው ዝርዝር ተነሥቶ ሁሉም ይስተካከል ነበር! ያድናችሁ በነበረው መብራት አሳበባችሁ?

የጮቄ ልጅ፦ ተባረክ! አሁን ወረቀቱን ማን ለጠፈው? እሱን መልሱልኝ።

ጣና ዳር፦ ኔቲቩ 1 ላይ ሆኖ ስለ ወረቀት ታወራላችሁ።

ስዊች ነኝ፦ ወረቀቱን እኔ አልለጠፍኩም። ደግሞ መብራት ቢጠፋም አይድንም ነበር። ገና እንደጻፍኩት ሴቭ አድርጌዋለሁ።

ዋሸራ፦ እሷን ግን አልረሳሃትም!