ነገ በጋዜጣ አስተምራለሁ፤ የዛሬው ክፍለ ጊዜ ግን ተበላሽቶብኛል

ጠያቂ (የአማርኛ መምህርት)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ነገሩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ዛሬ አንብቦ መረዳትን በጋዜጣ ለማስተማር ስምንት የአዲስ ዘመን ዕትሞች ይዤ ገባሁና ለየቡድኑ አንድ አንድ ሰጥቼ «የመረጣችሁትን ዜና አንብባችሁ አሳጥራችሁ ጻፉ» አልኳቸው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወንዶቹ በስፖርት ገጹ ተጓተቱ፤ አንዱ ዕትም ከመሐሉ ተቀደደ፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ የቡድን መሪያቸው ሲያነብ ከማየት በቀር ምንም አልሠሩም። ያነበቡትም ቢሆኑ «ወደ ገጽ 11 ዞሯል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዜናው ያለቀ መስሏቸው አቆሙ። ነገ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ለክፍል ምልከታ ይገባሉ። ልጆቹ ማንበብ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጋዜጣውን ትቼ ወደ መጽሐፉ መመለስ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ጡረታ የወጣ መምህር
ልጄ፣ አሳብሽ መልካም ነው፤ አትተዪው። በእኛ አገር ጋዜጣ ከጥንትም የማስተማሪያ መሣሪያ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ታተመ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ተከተለ፤ አሁን በእጅሽ ያለው አዲስ ዘመን ደግሞ ጣሊያን በተባረረበት በ1933 ዓ.ም. ተጀመረ። ሦስቱንም ስሞች በሰሌዳ ላይ ጻፊና ጋዜጦቹን ያወጡት ሰዎች ከጋዜጣ ምን ይጠብቁ እንደነበር ተማሪዎቹን ጠይቂ፤ ስሞቹ ራሳቸው ይመልሱላቸዋል። እኔ በልጅነቴ ማንበብን ያጎለበትኩት ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣውን ቁራጭ ጋዜጣ በጉልበቴ ላይ እያስተካከልኩ ነው። የቁራጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ስለሚጎድል የጎደለውን በግምት እሞላ ነበር። ዛሬ አንብቦ መረዳት የምትሉት እርሱን ነው።

አባል ከሐዋሳ
እኅቴ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ስንት ተማሪ እንዳለሽ ሳትነግሪን መልስ መስጠት አስቸጋሪ ነው። ለጊዜው ግን አንድ አጭር ዜና መርጠሽ በፎቶ ኮፒ አባዝተሽ ብትሰጪያቸው ሁሉም አንድ ነገር ያነባሉ።

ጠያቂ
ይቅርታ፣ መጻፍ ነበረብኝ። 8ኛ ክፍል ነው፤ ተማሪዎቹ 61 ናቸው። የማባዣው ማሽን ቀለም ካለቀበት ወር አልፎታል። ስምንቱም ዕትሞች ባለ 16 ገጽ ናቸው። ከክፍሉ ሲሶ ያህሉ ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው።

አባል ከጎንደር
8ኛ ክፍል ከሆነ ከፊታቸው ክልላዊ ፈተና አለባቸው። የፈተናው ምንባብ በመጽሐፉ ምንባቦች መልክ ስለሚዘጋጅ፣ በእኔ እምነት የጋዜጣው ሥራ ቢያንስ መጽሐፉ እስኪጠናቀቅ ይቆይ።

መምህርት ከደብረ ብርሃን
በዚህ አልስማማም። አንድ አንቀጽ ሰጥቶ ዋናውን ሐሳብ መጠየቅ በመጽሐፉም በጋዜጣውም ያው ነው። ከጠያቂዋ ጋር ግን በሌላ ነገር እለያለሁ። ልጆቹ ማንበብ እንደማይወዱ ጽፈሻል፤ በዚያው መልእክት ደግሞ በስፖርት ገጹ ተጓትተው ጋዜጣ መቅደዳቸውን ነግረሽናል። ማንበብ የማይወድ ተማሪ ለገጽ አይጣላም። ዛሬ ያጣሽው የሚበቃ ወረቀትና ግልጽ ጥያቄ ነው። «የመረጣችሁትን አሳጥራችሁ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ለ8ኛ ክፍል በጣም ሰፊ ነው፤ በቅድሚያ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች በደብተራቸው ላይ አስጽፊያቸው። የዜናው የመጀመሪያ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ከስድስቱ አራቱን ወይም አምስቱን ይመልሳል።

አባል ከጅማ
በፎቶ ኮፒ አባዝተሽ መስጠቱ ይሻላል፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
መምህርት፣ ማሽኑ ቀለም እንደሌለው ነግረሽናልና ባለን ወረቀት እንሥራ። ባለ 16 ገጽ ጋዜጣ እርስ በርስ የገቡ አራት ሉኮች ነው፤ ስለዚህ ስምንቱ ጋዜጦች 32 ሉክ ይሆናሉ። እያንዳንዱን ሉክ በእጥፋቱ ላይ በቢላ ብትከፍዪው 64 ግማሽ ሉክ ታገኛለሽ። ለ61 ተማሪ ለየራሱ ከፊትና ከኋላ የታተመ ወረቀት ይደርሰውና ሦስት ይተርፍሻል። ዛሬ ከመሐሉ የተቀደደውም በእጥፋቱ ላይ ከሆነ አልተበላሸም። ዜናዎቹን ግን በመቀስ ቆርጠሽ አታውጪ፤ የገጽ 3ን ዜና ስትቆርጪ የገጽ 4ን ታጠፊዋለሽ። የወጣበት ቀን በሁሉም ገጽ ላይ ካልታተመ፣ ከመክፈልሽ በፊት ቀኑን በየግማሹ ሉክ ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፊበት፤ አለበለዚያ ሲመለስ የየትኛው ዕትም እንደነበር አይታወቅም።

አባል ከጎንደር
ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ገጽ 1ን የያዘው ተማሪ «ወደ ገጽ 11 ዞሯል» ሲል ቀሪውን ከየት ያመጣል?

መምህርት ከደብረ ብርሃን
ገጽ 11 ያለው ተማሪ ጋ ሄዶ ያመጣል። እኔ ይህንን ሆን ብዬ ነው የማሠራው። ገጽ 1 የደረሳቸው ስምንት ተማሪዎች የመጀመሪያውን ክፍል ካነበቡ በኋላ ቀሪው ምን ሊል እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ከዚያም «ከገጽ 1 የዞረ» የሚለውን የያዘውን ጓደኛቸውን ፈልገው አብረው ይቀመጡና ግምታቸውን ያመሳክራሉ። ጋሼ ከላይ ስለ ስኳር መጠቅለያው የነገሩን ይኸው ነው። ክፍሉ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይንጫጫል፤ ኃላፊው እንዳይደናገጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አባል ከባሕር ዳር
እኔ በኩር ጋዜጣን ይዤ የማስተምረው በአርእስተ ዜናዎቹ ነው። የእኛ ጋዜጦች «ተገለጸ»፣ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ» እያሉ ርዕስ መዝጋት ይወዳሉ። ተማሪው እነዚህን ያስምርባቸውና ማን እንደገለጸ፣ ማን እንዳለ ከውስጥ ፈልጎ ርዕሱን በአድራጊ ግሥ እንደገና ይጻፈው። አድራጊና ተደራጊ ግሥን ከዚህ በተሻለ ያስተማርኩበት መንገድ የለም። አድራጊውን ፈልጎ ያጣ ተማሪ ካለም አጥፍቷል አትበዪው፤ አንዳንዴ ጸሐፊው ራሱ አልጻፈውም፤ ያንን ማስተዋሉ ደግሞ ትልቅ ንባብ ነው።

አባል ከአዳማ
በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን ለፈቱት ልጆች በቋንቋቸው የሚታተመውን በሪሳ ጋዜጣን ፈልጊላቸው። አዲስ ዘመንና በሪሳ የሚታተሙት በአንድ ድርጅት፣ በኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ አንድ ጉዳይ በሁለቱም ላይ ተዘግቦ ልታገኚው ትችያለሽ። ተማሪው በሪሳ ላይ ተረድቶ ወደ አማርኛው ሲመለስ የሚያግደው ቃል እንጂ ጉዳዩ አይሆንም። ለነገ ባይደርስም ለሚቀጥለው ሳምንት ያዢው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢላዋውን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እስካሁን አምስቱን ከፍያለሁ። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ፦ ብዙዎቹ ገጾች የጨረታ ማስታወቂያ ብቻ ናቸው። እነዚህ የደረሷቸው ተማሪዎች ምን ይሠራሉ?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ጎበዝ የምትያቸውን ተማሪዎች ለእነዚያ ገጾች መድቢያቸው፤ ከጋዜጣው ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት እርሱ ነውና። ጨረታውን ማን አወጣው? ምን ሊገዛ ነው? የጨረታ ማስከበሪያው ስንት ነው? ሰነዱ የሚሸጠው የት ነው? እነዚህን በደብተራቸው ይመልሱ። ከዚያ «ይህ ማስታወቂያ በጋዜጣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ15 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚል ካገኙ፣ ጨረታው የሚዘጋው በየትኛው ዕለት እንደሆነ ከዕትሙ ቀን ተነሥተው ይቁጠሩ። የሥራ ቀናት የሚለውን ዘሎ ያነበበ ተማሪ ቅዳሜንና እሑድን ይቆጥርና ቀኑ ሳይደርስ ይዘጋዋል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ሌላ ቀን ያወጣል። የቀን መቁጠሪያ ይዘሽ ግቢና ሁለቱንም በሰሌዳው ላይ አስቆጥሪያቸው።