ኮስታ ሪካ፣ ፑዌርቶ ቪየሆ፦ ሦስት ወር ተቀምጦ ከርቀት ለመሥራት ቤት ከመያዛችን በፊት ምን እንጠይቅ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴና እኔ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ፣ ፑዌርቶ ቪየሆ ደ ታላማንካ አካባቢ ልንቀመጥ አስበናል። ሥራዬ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ከ9 እስከ 5 እሠራለሁ፤ በቀን እስከ አራት ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ አለ። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፣ ባለቤቴ ደግሞ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት።

ሁለት ቤት እያወዳደርን ነው። አንዱ ፑንታ ኡቫ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ጫካው ውስጥ፣ ለባሕሩ ቅርብ፣ አከራዩ «ስታርሊንክ (በሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት) አለው» ብሎናል። ሌላው ኮክለስ፣ መንገድ ዳር ያለ ተራ ቤት ነው፤ ፋይበር (በቀጭን የመስታወት ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት) አለው፣ ባሕር ግን አይታየውም። እውነቱን ለመናገር ልባችን ወደ መጀመሪያው አድልቷል። አከራዮቹን ምን ብጠይቅ ይሻላል? ሻንጣችን ውስጥስ ምን መግባት አለበት?

ባለ ገመዱ

እህቴ፣ በቀን አራት ሰዓት ስብሰባ ካለሽ የኮክለሱን ያዢ። ባሕሩ በብስክሌት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የተቆራረጠ ድምፅ ግን በምንም አይካካስም።

ስታርሊንክ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሳህኑ ከላዩ ሰፊ ክፍት ሰማይ ይፈልጋል፤ ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ አንድ ረጅም ዛፍ በየጥቂት ደቂቃው ለሰከንዶች ይጋርዳቸዋል። ፊልም ለሚያይ ሰው ያ አይታወቅም፣ ወደፊት ያለውን አስቀድሞ ጭኖ ስለሚጠብቅ ያልፈዋል። ስብሰባ ግን የሚጠባበቅበት ትርፍ ጊዜ ስለሌለው ያቺ ሦስት ሰከንድ ንግግርሽን መሀል ላይ ትቆርጠዋለች። የፑንታ ኡቫ ዛፎች ደግሞ ግዙፍ ናቸው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጨመርበት ይብሳል። ሆኖም ልባችሁ እምቢ ካለ፣ አከራዩ ከስታርሊንክ አፕሊኬሽን ላይ የመሰናክል ካርታውን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ቀይ ነጠብጣብ ካለበት ለሥራሽ አይሆንም።

ለኮክለሱም ቢሆን «ፋይበር አለ» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኚ። ብዙ አከራይ ፈጣን የሆነውን ሁሉ ፋይበር ይለዋል። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሳጥን የሚገባውን ገመድ ፎቶ ጠይቂ። ቀጭን ሽቦ ሆኖ ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ፕላስቲክ ካለው ፋይበር ነው። ወፍራም ክብ ገመድ ሆኖ በብሎን የሚታሰርና መሀሉ ላይ መርፌ የመሰለ ነገር ያለው ከሆነ የኬብል ቴሌቪዥን ገመድ ነው።

ልዩነቱ የሚታወቀው መብራት ሲሄድ ነው። የኬብሉ መስመር መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ የሚበሉ ማጉያዎች አሉበት፤ ሰፈሩ ሲጨልም የእነሱም ባትሪ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚህ ቤትሽ ውስጥ ባትሪ ቢኖርሽም ኢንተርኔቱ ይሞታል። ፋይበር ከጣቢያው እስከ ቤትሽ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ብርሃን ስለሆነ፣ ያንቺ ሳጥን መብራት ካገኘ ይሠራል። በተጨማሪ መስታወት ስለሆነ የመብረቅ ጉልበት ይዞ ወደ ራውተርሽ አይገባም።

የፍጥነት ልኬቱን አከራዩ ላፕቶፑን በገመድ ራውተሩ ላይ ሰክቶ፣ ከምሽቱ 7 እስከ 9 ሰዓት (በፈረንጅ አቆጣጠር) ባለው ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ይላክልሽ። የሚያስፈልግሽ የመላኪያው ፍጥነት ነው። አንድ ጥሩ የቪዲዮ ስብሰባ ከ3 እስከ 4 ሜጋቢት ይልካል፤ ባለቤትሽ ስልኩን ሲነካ እንዳይደናቀፍ ቢያንስ 10 ይኑር። ማውረጃው 300 ሆኖ መላኪያው 5 የሆነ ቤት ለአንቺ አይሆንም።

መጠባበቂያ ደግሞ ከአገሩ ሲም ውጭ አይታሰብም። ሦስቱ ትልልቅ ድርጅቶች ኮልቢ፣ ክላሮና ሊበርቲ ናቸው። ከቤት ቤት ስለሚለያይ የቅድመ ክፍያ ሲም ከሁለቱ ገዝተሽ እዚያው መሥሪያ ጠረጴዛሽ ላይ ለኪ። አሮጌ ስልክ ውስጥ ከተሽ መስኮት አጠገብ አስቀምጪው፣ ከላፕቶፑም ጋር በዋይፋይ ሳይሆን በዩኤስቢ ገመድ አገናኚው። የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ስልኩን ለሌላ ድርጅት ሲም የከፈተው መሆኑን ከመሄድሽ በፊት አረጋግጪ፤ ክፍያው ያላለቀ ስልክ የሌላ ሲም ላይቀበል ይችላል።

ባትሪና መብራት

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ የመብራቱን ነገር ልጨምር።

ኤሌክትሪኩ እንደ አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ነው፤ ሶኬቱም አንድ ነው። ችግሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ የላቸውም፣ ወይም ቀዳዳው ኖሮ ከጀርባው የግራውንድ ሽቦ (ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው) የለም። አምስት ዶላር የምትሸጠዋ ባለ ሦስት መብራት መሞከሪያ ሻንጣሽ ውስጥ ትግባ፤ ደርሳችሁ ሶኬቶቹን ሁሉ ሞክሩ። ግራውንድ ከሌለ የመብረቅ መከላከያ ማከፋፈያው ስሙ ብቻ ነው፣ የሚያወርድበት መንገድ የለውም። ነጎድጓድ ሲቀርብ ከግድግዳው ንቀሉና በባትሪ ሥሩ።

መብራት የሚጠፋው በአብዛኛው ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ ነው። ያልተሸፈነ ሽቦና ትራንስፎርመር ላይ የሚወጡ ጦጣዎችና ስሎዝ የሚባሉት ዝግተኛ እንስሳትም መስመር ያቋርጣሉ፣ ራሳቸውም ይሞታሉ። እዚያው ያለው የጃጓር ማዕከል በኤሌክትሪክ የተጎዱትን ያክማል፣ ሽቦዎቹ እንዲሸፈኑም ይሠራል።

አሁን ቁጥሩ። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ አንድ ላይ ወደ 20 ዋት ይበላሉ። ለእነሱ የምትሆነው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ) ናት። 8,800 ሚሊአምፒር አወር የተጻፈባት በ3.7 ቮልት ሲሰላ 32 ዋት አወር ያህል ናት፤ ብክነቱ ተቀንሶ ከአንድ ሰዓት በላይ ታቆያለች። ከመግዛትሽ በፊት የሁለቱንም መሣሪያዎች ቻርጀር ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አስነሺ። አንዱ 12 ሌላው 5 ወይም 19 ቮልት ከሆነ፣ ሁለቱንም የምታወጣ ዩፒኤስ ያስፈልግሻል፤ ያልሆነ ቮልት መሰካት ሳጥኑን ያቃጥላል፣ ሳጥኑ ደግሞ የኢንተርኔት ድርጅቱ ንብረት ነው።

የፓወር ስቴሽን (የትልቁ ተንቀሳቃሽ ባትሪ) ነገር ብዙ ሰው አየር ማረፊያ ላይ ያስቀረዋል። ከ160 ዋት አወር በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ መንገደኛ ይዞ አይበርም። ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከሁለት ሳይበልጥ። ይህኛውም ሆነ ከ100 በታች ያለው የእጅ ሻንጣ ውስጥ ብቻ፣ ወደ ታች በሚጫነው ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ ለላፕቶፑ 27,000 ሚሊአምፒር አወር የሆነ ፓወር ባንክ (ልክ ከ100 በታች ነው) በዩኤስቢ ሲ 65 ዋት የሚሰጥ ያዢ። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ባለ እርሳስ ባትሪውን ዩፒኤስ ሳን ሆሴ ወይም ሊሞን ከተማ ገዝተሽ ስትመለሺ ለአከራዩ ትተሽለት መሄድ ነው።

ከታላማንካ

እርጥበቱን ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳው፤ ከመብራቱ ይልቅ ዕቃ የሚጨርሰው እሱ ነው። አየሩ ጨው አለበት፣ ሌሊት ሌሊት እርጥበቱ ወደ ሙሉ ይጠጋል። ቆዳ ጫማና ቀበቶ በሁለት ሳምንት ይሻግታል፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ነሐስ ይዝጋል፣ ቻርጀር አንድ ቀን «ተሰክቷል» ማለት ይተዋል።

አንድ ክፍል በኤሲ የሚዘጋ መሆን አለበት፤ ለቅዝቃዜው ሳይሆን ለማድረቁ። «ድራይ» በሚለው አሠራር አስነሡት። መስኮታቸው በወንፊት ብቻ የተዘጋ፣ መስታወት የሌላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለመኝታ ግሩም ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን አይሆኑም። ፎቶው ላይ መስታወቱን ፈልጉ። በረጅም ኪራይ የመብራት ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ በተከራይ ነው፣ ኤሲ ደግሞ ሒሳቡን ያንረዋል፤ ውሉ ላይ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

ሥራ ሲያበቃ ላፕቶፑና ካሜራው ክዳኑ ላይ የጎማ ማሸጊያ ባለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይግቡ፣ ከግማሽ ኪሎ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ጋር። ቀለሙን የሚቀይረውን ዓይነት ግዙ፤ ሲቀየር በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አድርቃችሁ መልሱት። ከኤሲ ክፍል የወጣ ቀዝቃዛ ላፕቶፕ በረንዳ ላይ ወዲያው አይከፈት፤ ጤዛው ውስጡም ይሠራል። ቦርሳው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

የመረጣችሁት ጊዜ ደግ ነው፣ ጫፉ ሲቀር። ፓስፊክ በኩል ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ዶፍ ነው፤ ካሪቢያን በኩል ግን የዓመቱ ፀሐያማ ወራት ናቸው፣ ባሕሩም ይረጋል። ከኖቬምበር አጋማሽ በኋላ ይገለበጣል፤ ለቀናት የማያባራ ዝናብ ይመጣል። የምትችሉ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ገብታችሁ ቀደም ብላችሁ ውጡ። ኮስታ ሪካ ሰዓቷን ስለማትቀይር እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሥራሽ የሚጀምረው እዚያ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ ከዚያ በኋላ 8። ፀሐይ 5 ተኩል ሳይሞላ ስለምትወጣ ማለዳው ለዋና ይበቃል።

ዋናን ካነሳሁ፦ ኮክለስ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይለኛ ሞገድ አለው። ቀይ ባንዲራ ካለ አትግቡ። ከጎተተሽ ወደ ዳር አትታገዪ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተሽ ከጉተታው ውጪ፣ ከዚያ ወደ አሸዋው። ለልጅና ለጀማሪ ፑንታ ኡቫ ይሻላል።

ከሳን ሆሴ መንገዱ በደህናው ቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ነው። መንገድ 32 የብራውሊዮ ካሪዮ ተራራን ሲያቋርጥ በናዳ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ፤ ያኔ መኪናው በቱሪያልባ ይዞራል። ስለዚህ ሰኞ ሥራ ካለ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ግቡ። ኤቲኤሞቹ ጥቂት ናቸው፣ በበዓል ሰሞን ይደርቃሉ፤ ኮሎን (የአገሩ ገንዘብ) በእጅ ይኑር። የአገሬው ሰው በስልክ የሚከፋፈልበት ሲንፔ የአገር ውስጥ ባንክ ሒሳብ ስለሚጠይቅ ለእናንተ አይሠራም።

ሌባ አለ። ላፕቶፕ በረንዳ ላይ፣ ስልክ ፎጣ ሥር አይተውም፤ ጨለማ ሲሆን በባሕሩ ዳር መንገድ በእግር አትሂዱ። ዲስኩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፣ ወደ ሥራ አካውንት የሚያስገባው የደህንነት ቁልፍ ሁለት ሆኖ አንዱ ከላፕቶፑ ተለይቶ ይቀመጥ። የዴንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ስለምትነክስ ዲት 30 በመቶ ያለው የትንኝ መከላከያ ቅባት ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ሆስፒታሉ ቶኒ ፋሲዮ ሊሞን ከተማ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃል። ድንገተኛ ቁጥሩ 911 ነው።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ አያቶቻቸው ከጃማይካ ለባቡር ሐዲዱና ለሙዙ እርሻ የመጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውን እስከ ዛሬ ይናገራሉ። ማርከስ ጋርቬይም በ1910 ገደማ ሊሞን ሠርቷል። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን በየአጥሩ ታዩታላችሁ። ሲያገኙሽ ሰላምታ ሳትሰጪ ወደ ጥያቄ አትግቢ፤ በዚህ ከእኛ አይለዩም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የኮክለሱን ይዘናል ማለት ነው፤ የገመዱን ፎቶ ዛሬውኑ እጠይቃለሁ። የባለቤቴ ፓስፖርት ነገርስ? እኔ 180 ቀን ይሰጡኛል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወረቀት አጣሪ

ላንቺ እስከ 180 ቀን ሊሰጡ ይችላሉ፤ የሚወስነው ግን ማኅተሙን የሚመታው ሠራተኛ ነው። የመውጫ ትኬት መያዝ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ አየር መንገዱም ላያሳፍርሽ ይችላል።

የባለቤትሽ ቆይታ ያንቺን አይከተልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠየቅበታል፤ ግሪን ካርዱ በሩን ሊከፍት ቢችልም የሚሰጠው ቀን ካንቺ ያነሰ ነው። ትኬት ሳትቆርጡ ዋሽንግተን ያለውን የኮስታ ሪካ ቆንስላ በኢሜይል ጠይቁ፦ በካርዱ ስንት ቀን ይፈቀዳል፣ ካርዱስ ስንት ወር ቀሪ ዘመን ይኑረው? መልሱን አትማችሁ ያዙ። «ቀኑ ሲያልቅ በሲክሳኦላ ወደ ፓናማ ወጥቶ ይመለሳል» የሚል ምክር ከሰማችሁ ለአሜሪካ ፓስፖርት የተነገረ ነው፤ ፓናማ የራሷ ቪዛ አላት።

ሦስቱን ወር አብራችሁ ለመቆየት ሕጋዊው መንገድ በ2021 የወጣው ሕግ 10008 ነው፤ ከርቀት ለሚሠሩ የተዘጋጀ። ለአንድ ሰው በወር 3,000 ዶላር፣ ከቤተሰብ ጋር 4,000 ዶላር የማያቋርጥ ገቢ ማሳየት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 50,000 ዶላር የሚሸፍን የሕክምና መድን መያዝ ይጠይቃል። ፈቃዱ አንድ ዓመት ነው፣ ለሌላ አንድ ዓመት ይታደሳል። ከውጭ በሚገኝ ገቢ ላይ የኮስታ ሪካ የገቢ ግብር አይከፈልም፣ የሥራ መሣሪያም ያለ ቀረጥ ይገባል። ወረቀቶቹ በስፓኒሽ ስለሚፈለጉ ለሕጋዊ ተርጓሚው ጊዜ ተዉ። የአሜሪካ ግብርሽ ግን እንዳለ ነው፤ በውጭ ለተገኘ ገቢ የሚሰጠው ነፃነት በ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ውጭ መቆየትን ስለሚጠይቅ ሦስት ወር አያደርስም። የምትኖሩበት ግዛት የሜሪላንድ ግብርም ይቀጥላል።

አሠሪሽ የፈቀደው አገሩንም ጠቅሶ መሆኑን ተመልከቺ። «ከቤት ውጭ መሥራት ትችያለሽ» የሚል ደብዳቤ ኮስታ ሪካን አያካትትም፤ ብዙ ድርጅት ከውጭ አገር የሚመጣውን መግቢያ በራሱ ይዘጋል። ቪፒኤን ተጠቅሞ ቦታን መደበቅ ደግሞ ሥራ ያሳጣል። ይህን የሚያነብ የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት ወገን ካለ፣ አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ እንዳይወጣ፤ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል።

ባለ ገመዱ

አንድ ነገር ተረሳ፦ በርበሬና የጤፍ ዱቄት የምትይዙ ከሆነ በፋብሪካ የታሸገና መለያ የተለጠፈበት ብቻ ይሁን። ጥሬ ቡና ግን ተዉት፤ ኮስታ ሪካ የቡና አገር ናትና የተክል ተባይ ፍተሻው ጠንካራ ነው። እዚያ ስትደርሱ በርበሬውን በመስታወት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ መደርደሪያ ላይ ይሻግታል። ሊጡም በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን አይጠብቅም፤ በማግስቱ እዩት።