«ኃይል»፣ «ነጻ ኢነርጂ» እና «ድር ቢያብር»፦ ስለሚሳሳቡ ተለማጭ ዘንጎች በምን ቃል እንጻፍ?

ጥያቄ (ከጅማ)፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሆን አጭር የአማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጉዳዩ እርስ በርስ የሚሳሳቡ ቀጫጭን ተለማጭ ዘንጎች ተሰባስበው ነዶ ሲሆኑ የሚታየው የነጻ ኢነርጂ ለውጥ ነው። «የሚስብ ኃይል» ብዬ ጀምሬ «ነጻ ኃይል» ላይ ስደርስ ቃሉ ተምታታብኝ። አብዛኞቹ አንባቢዎቼ እዚህ ጅማና አካባቢዋ በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ናቸው። ደግሞስ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ለርእስነት ብጠቀምበት ያስኬዳል ትላላችሁ?

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከ«ኃይል» ብንነሣ፣ የዕለት ተዕለት አማርኛ ይህን ቃል ለሚገፋውም፣ ለሚስበውም፣ አምፖል ለሚያበራውም ነገር ሳይለይ ይሰጠዋል፤ «የስበት ኃይል» እና «የኤሌክትሪክ ኃይል» ጎን ለጎን የሚኖሩት በዚህ ነው። ለጋዜጣ ይበቃል። በእርስዎ ጽሑፍ ግን የሚስበው ኃይል ምክንያት፣ የኢነርጂው ለውጥ ደግሞ ውጤት ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አንባቢውን ያሳስታል። ተማሪዎችዎ በአፋን ኦሮሞ አንዱን «ሁምና» ሌላውን «አኒሳ» ብለው ለይተው ስለሚያውቁ፣ ሁለቱን ቢቀላቅሉባቸው ከእኛ ይልቅ እነርሱ ግር ይላቸዋል። ስለዚህ «ኃይል» ለመጀመሪያው ብቻ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው «ኢነርጂ» ይባል። «ጉልበት» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ ለዚህ፣ ሌላው ለዚያ ስለሚያውለው እኔ አልመርጠውም።

«ነጻ» ብቻውን ሲቆም አንባቢውን ወደ «ያለ ክፍያ» ወይም ወደ «ከስኳር ነጻ» ይወስደዋል። «ነጻ ኢነርጂ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1882 ያወጣው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ግን ተቃራኒውንም አብሮ ሰይሞ ነበር፤ ከጠቅላላው ኢነርጂ ወደ ሥራ ሊለወጥ የሚችለውን «ነጻ»፣ የማይለወጠውን «የታሰረ» ብሎታል። የታሰረው ክፍል መጠን የሙቀት መጠንን በኢንትሮፒ በማባዛት ይገኛል፤ ኢንትሮፒ ደግሞ ዘንጎቹ ሊይዟቸው የሚችሏቸው የአቀማመጥ ዓይነቶች ምን ያህል ብዙ እንደሆኑ የሚለካ ነው። «የታሰረ» የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ አጠገቡ ቢያስቀምጡለት «ነጻ» ትርጉሙን ያገኛል።

አባባሉን በተመለከተ፣ ያስኬዳል እላለሁ፤ የሚያስኬደው ግን አንበሳው ሳይሆን «ቢ» የምትለው ፊደል ናት። ድሩ የሚያብረው ሁኔታው ሲፈቅድለት ነው። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ሲጣበቁ በሚነካኩበት ርዝመት ሁሉ ኢነርጂያቸው ይቀንሳል፤ ይህ ትርፍ ነው። ኪሳራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እያንዳንዱ ዘንግ እንደፈለገ የመንሳፈፍና የመዞር ዕድሉን ማጣቱ ሲሆን፣ ይህ ኪሳራ ዘንጉ ሲረዝም እምብዛም አይጨምርም። ሁለተኛው ተለማጭ ዘንጎችን ብቻ የሚመለከት ነው፦ በሙቀት የተነሣ ሁልጊዜ ይጎብጥና ይወዛወዝ የነበረው ዘንግ በጎረቤቶቹ መካከል ሲታጠር መወዛወዙ ይገደባል፣ ኪሳራውም ከርዝመቱ ጋር እኩል ያድጋል። ስለዚህ ረጃጅም ዘንጎች ማበር አለማበራቸውን የሚወስነው በአንድ ስንዝር የሚገኘው ትርፍ በዚያው ስንዝር ከሚጠፋው ይበልጣል ወይ የሚለው ነው፤ መሳሳቡ ከተወሰነ ደረጃ በታች ከሆነ ዘንጉ የቱንም ያህል ቢረዝም ነዶ አይሆንም። ግትር ዘንግ ቀድሞውንም ብዙ ስለማይወዛወዝ የሚያጣው ትንሽ ነው፤ በቀላሉም ያብራል።

ዲኤንኤ ጥሩ ምሳሌ ይሆንዎታል። ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ርዝመት 50 ናኖሜትር ገደማ ነው። የተሸከመው ኤሌክትሪካዊ ሙል (ቻርጅ) አሉታዊ ስለሆነ በተራ የጨው ውኃ ውስጥ እርስ በርሱ ይገፋፋል፤ አራት አዎንታዊ ሙል ያለው ስፐርሚን የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ሲጨመርበት ግን መገፋፋቱ ወደ መሳሳብ ይለወጥና ረጅሙ ክር ተጠቅልሎ ስፋቱ 100 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀለበት ይሠራል።

የአንበሳውም ነገር ስሌት አለው። 20 ዘንጎች አብረው ግን እርስ በርስ መንሸራተት ከቻሉ የነዶው ግትርነት የአንዱ 20 እጥፍ ነው፤ መንሸራተት እስከማይችሉ ድረስ ከተጣበቁ ግን 400 እጥፍ ይደርሳል። አባባሉን የፈጠረው ሰው ይህን ባያሰላውም አልተሳሳተም።

ሌላ አባል፦

በተባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። «ስበት» ሲባል ሰው የሚያስበው የመሬትን ስለሆነ፣ ጠያቂው እንዳደረጉት «መሳሳብ» ማለቱ ይሻላል፤ የቃሉ ቅርጽ ራሱ ሁለቱም ወገኖች ሳቢም ተሳቢም መሆናቸውን ይናገራል። «ተጣጣፊ» የሚል ጸሐፊም አጋጥሞኛል፤ ተጣጣፊ ግን ወንበር ነው፣ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ አለው። በእናንተ በጅማ ቡና ለቃሚ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ ቀዩን ፍሬ መርጦ ከለቀመ በኋላ ሲለቀው ቅርንጫፉ ሳይሰበር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ «ተለማጭ» የሚባለው ይህ ነው፣ ልምጭም ከዚሁ ቤት ነው።

መልስ፦

እስማማለሁ። ጠያቂያችን «መደርደር»ንና «ማበር»ንም እንዳያምታቱ አደራ እላለሁ። የኬሚስትሪ ሊቁ ላርስ ኦንሳገር እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው፣ ምንም መሳሳብ የሌላቸው ግትር ዘንጎች እንኳ በበቂ ሁኔታ ሲጨናነቁ በአንድ አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ በአቅጣጫ ያጡትን ነጻነት በመንቀሳቀሻ ቦታ ያካክሱታልና። ይህ መደርደር እንጂ ማበር አይደለም።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ መክፈቻዬ ይህን ይመስላል፦ «ተለማጭ ዘንጎች በመሳሳብ ኃይል ሲያብሩ፣ በመነካካት የሚቀንሰው ኢነርጂ በኢንትሮፒ ማነስ ከሚመጣው ኪሳራ ሲበልጥ፣ የነጻ ኢነርጂያቸው ለውጥ አሉታዊ ይሆናል።»

መልስ፦

መልካም ነው። «አሉታዊ» የሚለውን ግን «መጥፎ» ብሎ የሚያነበው ስለማይጠፋ፣ «ነጻ ኢነርጂያቸው ይቀንሳል፤ ነዶውም ያለ ውጭ ግፊት በራሱ ይሠራል» ቢሉት ይሻላል።