ዘንዶ ስንል የቱን ነው? ፓይተን፣ ድራጎን ወይስ አናኮንዳ?

የሱሉልታው፦
ሰላም የቃል ወዳጆች፣ ትናንት ማታ በዘንዶ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ጠብ ሊነሳ ነበር። ቲቪ ላይ የአማዞን እንስሳት እያሳዩ ነው፣ ተራኪው ያንን ውሃ ውስጥ የሚውለውን አናኮንዳ አንዴ "ዘንዶ" አንዴ "ግዙፍ እባብ" እያለ ይቀጥላል፣ አክስቴ እትዬ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው "ይሄማ ዘንዶ አይደለም፣ ዘንዶ ሰባት ራስ ነው ያለው" አሉ። እኔ ደግሞ ኧረ ዘንዶ ማለት ፓይተን ነው፣ እኛ አገር ጋምቤላና ኦሞ ያለው ብዬ ገባሁበት፣ ይሄኔ የወንድሜ ልጅ ከጓዳ ብቅ ብሎ "ፓይተንማ እኔ እየተማርኩት ነው" አይልም መሰላችሁ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን ማለቱ ነው! እትዬ አማተቡ። እና ማናችን ነን ልክ?

የቡራዩው፦
ወንድሜ እንስሳውን ካልክማ ልክ ነህ፣ ዘንዶ ፓይተን ነው። መርዝ የለውም፣ ተጠምጥሞ ነው የሚገድለው፣ እንቁላሉንም ሴቷ ተጠምጥማበት ነው የምትጠብቀው። አናኮንዳ የደቡብ አሜሪካ ነው፣ ዘመዱም ቦአ የሚባለው እባብ እንጂ ፓይተን አይደለም፣ ስለዚህ ተራኪው "አናኮንዳ" ብሎ ቢተወው ምን ነበረበት። እኛ ሰፈር ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ጃዌ ይሉታል፣ እሱ ቃል እንደኛ አያወዛግብም፣ በቃ እባቡ ነው። ለነገሩ እኔም አንተም በዚህ ብርድ ዘንዶ አናይም፣ የቆላ ነገር ነው።
ግን ስድቡን ረሳኸው! እባብ ያልከው ሰው ተንኮለኛ ነው፣ ዘንዶ ያልከው ግን የሚውጥ ነው። እኛ ጋ አንድ የመሬት ደላላ አለ፣ ስሙን የሚጠራው የለም "ዘንዶው መጣ" ነው የሚባለው፣ የሰው ይዞታ ውጦ ውጦ አሁን አራት ፎቅ ላይ ተኝቶ ያዋህዳል።

የሱሉልታው፦
ሃሃሃ ያዋህዳል! አጎቴም በዓል በበላ ቁጥር "ፍየል እንደዋጠ ዘንዶ አደረጋችሁኝ" ነው የሚለው። የእትዬ ሰባት ራስስ?

የለገጣፎዋ፦
እትዬን አትናቋቸው፣ ከራእይ ምዕራፍ 12 ነው ያመጡት፣ ሰባት ራስና አስር ቀንድ ያለው ታላቅ ቀይ ዘንዶ። እዛው ምዕራፍ ላይ ዝቅ ብሎ "የቀደመው እባብ" ይለዋል፣ ማለት መጽሐፉ ራሱ ዘንዶና እባብን አንድ ላይ ቋጥሯቸዋል። የአማርኛው መዝሙር 91ም "አንበሳውንና ዘንዶውን ትረግጣለህ" ነው የሚለው፣ እዛ ጋ እንግዲህ እንስሳው ይሁን ሰይጣን አንባቢው ይወስን።
ግዕዙ ላይ ቃሉ ብዙ ነው፦ ከይሲ አለ፣ ተመን አለ፣ አርዌ አለ። አርዌ አውሬ ነው፣ አርዌ ምድር ሲሆን እባብ ይሆናል። ያ በአፈ ታሪክ አገር ይገዛ ነበር የሚባለው ዘንዶም አርዌ ነው፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በክፍል በክፍል የሚያሳዩት ስዕሎች መጀመሪያ ላይ ሲገደል ታዩታላችሁ። ከይሲ ግን ዛሬ አማርኛ ላይ እባብነቱን ትቶ ሰው ሆኗል፣ "ከይሲ ነው" ካልን ማንም ስለ ሚሳብ ነገር አያስብም።
ጊዮርጊስ የገደለውን ደግሞ ደራጎን እንለዋለን፣ ስዕሉን ቤተክርስቲያን ያላየ ቢራው ጠርሙስ ላይ አይቶታል መቼም። ደራጎን ከግሪኩ ድራኮን ነው፣ ድራኮን ደግሞ መጀመሪያ ትርጉሙ እባብ ነው፣ ክንፍና እሳቱ በኋላ የመጣ ነው። እነሱም ጋ ያው ነው እንግዲህ! ፓይተንም እንደዛው፣ ፒቶን በግሪክ ተረት ዴልፊ ላይ አፖሎ የገደለው አውሬ ነው፣ ፈረንጅ የተረቱን አውሬ ስም አምጥቶ ለእባቡ ሰጠው፣ እኛ ደግሞ በእባቡ ስም የራእዩን አውሬ ጠራንበት። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ "የምዋርተኝነት መንፈስ የነበረባት" የምትባለው ገረድ አለች አይደል፣ ግሪኩ ላይ መንፈሱ "ፒቶን" ነው የሚባለው።

የሱሉልታው፦
ወይ ጉድ፣ ይሄንን ለእትዬ ካነበብኩላቸው ልጁን ከኮምፒውተሩ ያስነሱታል።

የሰበታው፦
አይዞህ የልጁ ፓይተን ከእባቡ ጋር ዝምድና የለውም፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሰውዬ ጊዶ ቫን ሮሰም ስሙን የወሰደው ከእንግሊዞች የቲቪ ኮሜዲ ነው፣ አርማው ላይ ግን ሁለት እባብ ተጠማዞ ታገኛለህ ስለዚህ ለእትዬ አርማውን አታሳይ።
እኔን ሁሌ የሚገርመኝ "ተጠመጠመ" ነው። ናፍቃው "ተጠምጥማ ሳመችው" እንላለን፣ ቄሱ ራሳቸው ላይ የጠመጠሙት ጥምጣም ነው፣ ያው ግስ ነው ዘንዶው ፍየሏን የሚገድልበት። በነገራችን ላይ ድሮ ትንፋሽ አሳጥቶ ነው የሚገድለው ይባል ነበር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ቦአ ላይ የተሰራ ጥናት ግን የተጠመጠመባት እንስሳ ደም እንዳይዘዋወር አድርጎ ነው አለ፣ ልቧ ነው ቀድሞ የሚሸነፈው። "አንቆ ገደለ" የሚል ትርጉም ስጽፍ ከዛ ወዲህ እጄ ያመነታል፣ ጠምጥሞ ገደለ ነው የምለው።
የኔ አሰራር ትርጉም ላይ፦ አናኮንዳን አናኮንዳ፣ ፓይተንን ዘንዶ፣ ያ ቻይናዎቹ ዱከም በር ላይ የሚሰቅሉትን ድራጎን። ቻይናዎቹ በድራጎናቸው ዓመት ይሰይማሉ፣ 2024 የሱ ዓመት ነበር፣ እሱን ዘንዶ ብትለው በሰው ሠርግ ላይ ሰይጣን እንደመጥራት ነው።

የቡራዩው፦
ስምምነት አለኝ፣ ግን ዘንዶ ሁሌ ክፉ ነው ያለውስ ማነው? አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ የወጡት በዘንዶ ነው፣ ትግርኛው ገበል ይለዋል። ዛሬ ሰዉ በገመድ ነው የሚወጣው፣ ያኔ ገመዱ እሱ ነበር።

የሱሉልታው፦
ይሄ ነው የጠፋኝ! የአቡነ አረጋዊ ስዕል እትዬ አልጋ በላይ ተሰቅሏል፣ ጥቅምት 14 ጸበል ጸዲቅ የሚያዘጋጁ ሰው ናቸው። አሁን ሄጄ "እትዬ እስቲ ይሄ ዘንዶ ስንት ራስ አለው" አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀረብ ብለው አዩት፣ ትንሽ ዝም አሉና "አንድ" አሉ። ከዛ መነጽሩን እያወለቁ "እሱ የተላከ ነው፣ አንተ የቲቪውን አይደል እንዴ የጠየቅከኝ።"