ጂኢ ፋኑክ ፒኤልሲ ያለን ሰዎች አሁን የማን ደንበኞች ነን?

ጥገና_ኮምቦልቻ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነኝ። የአንዱ ማምረቻ መስመር ፓኔል ውስጥ ያለው ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽኖቹን የሚያዘው ኮምፒውተር፣ ጂኢ ፋኑክ 90-30 ነው። እስካሁን አላስቸገረንም። ሰሞኑን ግን አንድ ሻጭ መጥቶ "ጂኢ ከዚህ ሥራ ወጥቷል፣ ፓኔሉን በሙሉ ቀይሩት" ብሎ ፕሮፎርማ ጥሎ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ደንግጠዋል። እውነት ነው? ሶፍትዌሩንና መለዋወጫውን ከማን እንገዛለን?

ሽቦ_በሽቦ
ሻጩ ግማሹን እውነት ነው የነገራችሁ። ጂኢ ወጥቷል፤ ሥራው ግን አልተዘጋም፣ ተሸጠ እንጂ። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ውሃ ማጣሪያዎች ላይ እሠራለሁ፣ ይኼን ፒኤልሲ በየጊዜው እከፍተዋለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። ጂኢና ፋኑክ በ1980ዎቹ ተጣመሩ፣ በ2009 ተፋቱ። ሲኤንሲው (የብረት መቁረጫ ማሽኖች መቆጣጠሪያው) ለፋኑክ፣ ፒኤልሲው ለጂኢ ደረሰ። ጂኢ ደግሞ በ2018 ፒኤልሲውን ለኤመርሰን ለመሸጥ ተስማማ፤ ርክክቡ በ2019 መጀመሪያ አለቀ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም ዕቃ አብሮ አልሄደም። ፒኤልሲውና ፕሮግራም የሚጻፍበት ማሽን ኤዲሽን ወደ ኤመርሰን ሄዱ። መስመሩን በኮምፒውተር ስክሪን የምትከታተሉባቸው ሶፍትዌሮች፣ አይፊክስና ሲምፕሊሲቲ፣ ግን ያኔ ጂኢ ጋ ቀሩ። ኮምፒውተራችሁ ላይ አይፊክስ ካለ፣ በአንድ መስመር ሁለት አቅራቢ አላችሁ ማለት ነው።

ካርዶቹን አትጣሏቸው። ከ90-30 ካርዶች ብዙዎቹ አርኤክስ3አይ በሚባለው ተተኪ ሞዴል ራክ (ካርዶቹ የሚሰኩበት መደርደሪያ) ላይ ይሠራሉ፤ ሲፒዩውንና ራኩን ቀይሮ የመስክ ሽቦውን ሳይነኩ ማለፍ ይቻላል። ሻጩ ይህን ለምን እንዳልነገራችሁ እናንተው ገምቱ።

እኔን የሚያሳስበኝ የባለቤቱ ስም አይደለም፣ ፕሮግራማችሁ ነው። ላፕቶፕ ላይ ዋናው ፋይል አላችሁ? ከፒኤልሲው ብቻ ካወጣችሁት የምታገኙት አድራሻ ነው፤ ስምና ማብራሪያ የለውም። የትኛው ግብዓት የትኛው ሴንሰር እንደሆነ ሽቦ እየተከተላችሁ ልትፈልጉ ነው። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ቆልፎት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ካሉት ትንንሽ መብራቶች የታችኛውን፣ ባት የሚለውን፣ ነገ እየው፤ ቀይ ከበራ ኃይል ሲጠፋ ፕሮግራሙን የሚይዘው ባትሪ ደክሟል ማለት ነው።

ግዢ_ክፍል
ከወረቀቱ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የዕቃ ቁጥሩ ያው ነው፣ አምራቹ ግን አሁን ኤመርሰን ነው። ፕሮፎርማው ላይ ጂኢ፣ ካርቶኑ ላይ ኤመርሰን ከተጻፈ ባንክም ጉምሩክም ጥያቄ ሊያነሱ ይችላሉ። ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ከመክፈታችሁ በፊት አቅራቢው ሁለቱንም ስም ከዕቃ ቁጥሩ ጋር አንድ መስመር ላይ ይጻፍላችሁ። "አዲስ ነው" እየተባለ የሚመጣ ታድሶ የተሸጠ ካርድም አለ፣ ማኅተሙን እዩ።

ሲመንስ_ባይ
እኔ አልስማማም። አገር ቤት የሲመንስን ፒኤልሲ የሚያውቅ ልጅ ይገኛል፣ 90-30 የሚያውቅ ፈልጉ ቢባል ግን? ቢሸጥም ባይሸጥም፣ ቀስ እያሉ መውጣት ነው።

ሽቦ_በሽቦ
ቀስ እያሉ ካልክ ተስማምተናል። እኔ የተቃወምኩት በድንጋጤ መግዛቱን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ደግሞ ሲመንስም በ1991 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን የፒኤልሲ ሥራ ገዝቷል። ለዚያ 505 ለሚባለው ፒኤልሲ ዛሬም ቴነሲ ውስጥ የሚገጥም ካርድ የሚሠራ ኩባንያ አለ። ብዙ ፋብሪካ ውስጥ የገባ ዕቃ ቶሎ አይሞትም።

ጥገና_ኮምቦልቻ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መብራቱን አሁን አየሁት። ቀይ በርቷል።

ሽቦ_በሽቦ
እንግዲያው ፒኤልሲውን እንዳታጠፉት! መብራት ሳይሄድባችሁ ዛሬውኑ ፕሮግራሙን ወደ ላፕቶፕ አውጡ። ከዚያ ባትሪውን ኃይል እንዳለ ቀይሩ። የባትሪው ማገናኛ ሁለት ነው፤ አዲሱን ሰኩና አሮጌውን ንቀሉ።