ሲቲ ስካን ገጽ ላይ ያለው ዶዝ የልጁ ነው ወይስ የማሽኑ?

ራጅ_ክፍል፦
ሰላም ናችሁ? ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ትናንት ለአንድ የ6 ዓመት ልጅ የሆድ ሲቲ ስካን አነሳሁለት። እናቱ የዶዝ (የጨረር መጠን) ገጹን አይታ «ይሄ 3 የሚለው ልጄ የወሰደው ጨረር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ገጹ ሲቲዲአይ ቮል (ማሽኑ የሚያወጣው የዶዝ መለኪያ) 3 ሚሊግሬይ፣ ዲኤልፒ (ያው ዶዝ በተነሳው ርዝመት ሲባዛ) 96 ይላል። ከጎኑ «ፋንተም 32 ሴንቲ ሜትር» የሚል አለ። «ትንሽ ነው፣ አይስጉ» ብዬ ላልፋት አልፈለግሁም። አርብ ለቀጠሮ ትመለሳለች፤ ምን ልበላት?

ፊዚሲስቱ፦
እህቴ፣ ደግ አደረግሽ ዝም ብለሽ አለማለፍሽ። 3 ሚሊግሬይ የፋንተሙ፣ ማለትም በሰው ፈንታ ለመለኪያ የሚነሳው ፕላስቲክ፣ ዶዝ ነው፤ የልጁ አይደለም።

ፋንተሙን እኔ ራሴ ነኝ ጠረጴዛው ላይ የምጭነው። ክብ፣ ከባድ አክሪሊክ ነው፤ ለሆድ 32፣ ለጭንቅላት 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። መሃሉ ላይ አንድ፣ ዳር ዳሩን አራት ቀዳዳ አለው። እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ 10 ሴንቲ የሚረዝም መለኪያ በየቀዳዳው እየከተትኩ አነሳለሁ። ባዶዎቹን ቀዳዳዎች በአክሪሊክ ዘንግ እደፍናቸዋለሁ። የመሃሉ ንባብ ሲሶ፣ የዳሮቹ አማካይ ደግሞ ሁለት ሲሶው ይደመራል። ድምሩ በፒች (ቲዩቡ አንዴ ሲዞር ጠረጴዛው የሚሄደው ርቀት ለጨረሩ ስፋት ተካፍሎ) ሲካፈል ሲቲዲአይ ቮል ይወጣል። ማሽኑ ልጁን አልለካውም። በዚያው ኪሎቮልትና ኤምኤኤስ (የጨረሩን ኃይልና ብዛት በሚወስኑት ቅንብሮች) ፋንተሙ ቢነሳ የሚያገኘውን ነው የጻፈው።

የ6 ዓመት ልጅ 32 ሴንቲ ከየት ያመጣል? ሰውነቱ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ብዙም ሳይዳከም ውስጥ ድረስ ይገባል። ስለዚህ የልጁ ዶዝ ከተጻፈው ይበልጣል። የአሜሪካ ሜዲካል ፊዚሲስቶች ማኅበር በ2011 ያወጣው ሪፖርት 204 ማባዣ ሠንጠረዥ አለው። ከምስሉ ላይ የሆዱን ወርድና ውፍረት ለኪ፣ አባዢ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጪ። 20 በ16 ከሆነ ወደ 18 ይመጣል፤ ማባዣው 1.9 ገደማ ነው።

ራዲዮሎጂስቷ፦
በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዲኤልፒውን በ0.015 አባዝተሽ ሚሊሲቨርት (የመላ ሰውነት የጨረር አደጋ መለኪያ) እንዳትሰጫት። ያ ማባዣ የአዋቂ ሆድ ነው፤ ውጤቱም የአንድን ልጅ አደጋ አይነግርም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንዳንድ ልጆች ሆዳቸውን መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት)፣ ከዚያ በኮንትራስት ይነሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ በኮንትራስት አንዴ መነሳቱ ይበቃል። ሁለቴ ሲሆን ዶዙ እጥፍ ነው! ትእዛዙ ላይ ሁለቱም ካለ እባክሽ ደውለሽ ጠይቂን፤ ማንም አይቆጣሽም።

ራጅ_ክፍል፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁት፤ 19 በ15 ነው፣ ወደ 17 ይመጣል። ማባዣው 1.98 ነው፣ ስለዚህ 6 ሚሊግሬይ ገደማ። የተነሳውም አንዴ ነው። «3 የማሽኑ መለኪያ ነው፤ በልጅዎ ሰውነት ሲሰላ 6 ገደማ ይሆናል፤ ወረቀቱን ያስቀምጡት» እላታለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። ልጁ ከመሃል ዝቅ ብሎ ነበር የተኛው። ለውጥ ያመጣል?

ፊዚሲስቱ፦
ያመጣል እንጂ። ስካውቱ (ከዋናው በፊት የሚነሳው የማቀጃ ምስል) ሲነሳ ቲዩቡ (ጨረሩን የሚያወጣው ክፍል) ከታች ከነበረ፣ ዝቅ ያለ ልጅ ወደ ቲዩቡ ይቀርባል፤ ምስሉም ሰፍቶ ይታያል። ማሽኑ ወፍራም ሰው መስሎት ኤምኤውን (የጨረሩን ብዛት የሚወስነውን ከረንት) ይጨምራል። ቲዩቡ ከላይ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኤምኤው ያንስና ምስሉ ይሻክራል። የጎን ሌዘሩ የልጁ ወገብ መሃል ላይ እስኪያርፍ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጊው፣ ከዚያ ስካውት አንሺ።